ያጠብነው ቦይለር

ጁባ ውስጥ ስለ እንፋሎት ሞተር የሚያወራኝ ሰው እፈልጋለሁ ብላችሁ ብትነሱ ሰው ጤንነታችሁን ይጠራጠራል። የኔን ተጠራጥረዋል። ንያኩሮን ሰፈር ያለው ምግብ ቤቴ የሚመጣው ሰው ሁሉ ወሬው ስለ ዶላር ምንዛሪ፣ ኒሙሌ ድንበር ላይ ስለቆመ ጭነት፣ ስለ ጄኔሬተር ናፍጣ ነው። እኔም አብሬ አወራለሁ፤ ምግብ ቤት ከፍቶ ዝም ማለት አይቻልም። አንድ ቀን ግን ጄኔሬተሩ ጆሯችንን ሲያደነቁረው «ይሄኔ እንፋሎት ቢሆን እንዲህ አይጮህም ነበር» ብዬ አመለጠኝ። ደንበኛዬ ጉርሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና «እናት፣ ትንሽ ዕረፍት ብትወስጂ ጥሩ ነው» አለኝ።

ምን ላድርግ፣ የባቡር ነጂ ልጅ ነኝ። የተወለድኩት ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ የጢሱ ባቡር በናፍጣ ተተክቷል። አባቴ እንጀራውን የሚበላው ናፍጣውን እየነዳ ነው፤ ልቡ ግን ከጋራዡ ጀርባ ፀሐይ ሲመታቸው ከሚውሉት አሮጌ ባቡሮች ጋር ነበር። «ናፍጣውን ቁልፍ አዙረህ ታስነሳዋለህ፤ የጢሱን ግን እያባበልክ ነው» ይል ነበር። እንጨቱ ሲነድ፣ ውሃው ሲፈላ፣ መውጫ ያጣው እንፋሎት ፒስተኑን ሲገፋ፣ ያ ግፊት ደግሞ ተሽከርካሪውን ሲያዞር፣ በቃ ነገሩ ይኸው ነው። ወጥ የሚሠራበት እሳትና ውሃ ነው ሰውን ከነጓዙ በረሃ ያሻገረው። ይሄ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አባቴ አንድ ሃይማኖት የሚያክል ደንብ ነበረው። ቦይለርን፣ ውሃው የሚፈላበትን የብረት ጋን፣ እሳት አይገድለውም፣ የሚገድለው ኖራ ነው ይላል። የድሬ ውሃ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ካፈላችሁበት ድስቱ ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ያ ቅርፊት የቦይለሩን ሆድ ሲሸፍነው ብረቱ ይቃጠላል፣ ስለዚህ በየጊዜው ተከፍቶ፣ ተፍቆ፣ መታጠብ አለበት። አባቴ የሚያጥበው ቦይለር ሲያጣ የእናቴን ማንቆርቆሪያ ይዞ ደጃፍ ላይ ቁጭ ይላል። «ማንቆርቆሪያዬን ከባቡር ጋር አታምታታብኝ» ትለዋለች፤ እሱ እቴ፣ መስሚያው ጥጥ ነው። እንዲህ ነው እንግዲህ ያደግኩት፤ አንድም ቀን የሚሠራ የእንፋሎት ሞተር ሳላይ በሽታውን ግን ሁሉ አውቃለሁ።

ጁባ የመጣሁት ከባለቤቴ ጋር ነው። ምግብ ቤቱን አብረን ከፈትን፣ አብረን ሠራን፣ ከዚያ እሱ አረፈና እኔ ቀረሁ። ልጄ ሐዋሳ ትዳር ይዟል፤ በበዓል በበዓል ይደውላል፤ «አገርሽ ግቢ እንጂ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ «እናት፣ እናት» ስባል እውላለሁ፤ ማታ በሩ ሲዘጋ ግን ስለ ራሴ አንዲት ቃል የጠየቀኝ ሰው አለመኖሩ ትዝ ይለኛል። እዚህ ያለን ሐበሾች እንከባበራለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን። ወዳጅ ግን አልነበረኝም። አፌ ትንሽ ሬት ነው ይባላል፤ አልክድም።

ቦይለሩን ያገኘሁት ሽንኩርትና ጤፍ የማስቀምጥበት ቦታ ስፈልግ ነው። ወንዙ አጠገብ መጋዘን ያለው የአገሬ ልጅ ግቢውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከኮንቴይነሮቹ ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ የቆመ የብረት በርሜል የመሰለ ነገር አየሁ። ከጎኑ ትንሽ ሞተርና ገመድ መጠቅለያ ዊንች አለ። ወገቡ ዙሪያውን በችንካር ተያይዟል፣ ከታች የምድጃ በር አለው። ሽንኩርቱን ረሳሁት። ቀርቤ ሳይ ደግሞ ከኋላው አንድ ረጅም ሽማግሌ ሣጥን ላይ ተቀምጠው የምድጃውን በር በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ባቡር ነው» አሉኝ፣ በአማርኛ። እዚህ አገር የእንፋሎት መርከብንም ባቡር ይሉታል። «አውቃለሁ፤ አባቴ ነጂ ነበር» አልኳቸው። ጨርቁን አስቀመጡ። «እንግዲያው ቁጭ በይ፣ እህቴ» ብለው ግማሽ ሣጥን ለቀቁልኝ።

ጋሼ ነው የምላቸው። አማርኛውን የተማሩት በጦርነቱ ጊዜ በእግራቸው ጋምቤላ ገብተው ዓመታት ስደተኛ ሆነው ሲኖሩ ነው። ከዚያ በፊት በወጣትነታቸው ከሱዳኗ ኮስቲ እስከ ጁባ በሚመላለሰው የእንፋሎት መርከብ ላይ እሳት አንዳጅ ነበሩ። ይሄ ዊንችና ቦይለር ጭነት ማንሻ ነበር፤ ከዚያው ዘመን የቀረ ነው። ሱድ የሚባለውን ማለቂያ የሌለው የቄጠማ ረግረግ እንዴት እንደሚያቋርጡ ሲነግሩኝ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። በየወንዙ ዳር እንጨት ቆርጠው፣ ደርድረው፣ መርከቡን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ፉጨቱ ገና ከሩቅ ሲሰማ መንደሩ ሁሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ስኳር፣ ጨው፣ ዘመድ፣ ሙሽራ፣ ሁሉም የሚመጣው በዚያው ነው። ጋምቤላ ሲሰደዱ ደግሞ የአገሩ ሽማግሌዎች ድሮ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ እየመጣ ቡና ይጭን እንደነበር ነገሯቸው። «ተሰድጄ እንኳ ባቡሬ ቀድሞኝ ደርሷል» ይሉና ይስቃሉ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ የኛ ሆነች። ቅዳሴ አስቀድሼ እመለስና ነጠላዬን አስቀምጬ አሮጌ ቱታ እለብሳለሁ። ምሳ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልዬ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ስቀመጥ ሾፌሩ «ማማ፣ ዛሬም ወደ ብረትሽ?» ይለኛል። ጋሼ ቀድመውኝ ደርሰው ሣጥኖቹን ጥላው ሥር አስተካክለው ይጠብቁኛል። ሌላ ሳህን ስለሌለን በምሳ ዕቃው ክዳን ላይ አብረን እንበላለን፤ ከዚያ እሳቸው መዶሻና ብሩሽ፣ እኔ ግራሶና ጨርቅ እንይዛለን። አንዳንዴ ሰዓቱ ሁሉ ያለ ወሬ ያልፋል። ዝም ብሎ ከሰው ጋር መሆን እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር።

አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውሃ የሚያስቆፍር ፈረንጅ ደንበኛዬ ጥፍሬ ውስጥ ግራሶ አይቶ ጠየቀኝና ወደ ግቢው ወሰድኩት። ሰውዬው እንደ ሕፃን ዘለለ። ለካ እሱም በአገሩ አሮጌ የእንፋሎት ሞተር የሚንከባከቡ ሰዎች ማኅበር አባል ነው። በስልኩ ቪዲዮ አሳየን፤ ዶክተሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ጡረተኛው መምህር ሁሉ ጥቁር ቱታ ለብሰው ከሞተር ሥር ተጋድመዋል፤ ሴቶችና ሽማግሌዎች ከሰል በአካፋ ይወረውራሉ። ይሄን ለመሥራት ገንዘብ ይከፍላሉ ሲለን ጋሼ ማመን አቃታቸው። «እኔ ደግሞ ያኔ አለቆቼ አካፋውን እንዳስቀምጥ ቢፈቅዱልኝ እከፍላቸው ነበር» አሉ። ፈረንጁ ሳቁን እስኪጨርስ ትንሽ ቆየ። ብዙም ሳይቆይ ኮንትራቱ አለቀና አገሩ ገባ፤ ጁባ ላይ ሰው የሚመጣው ለመሄድ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ባለመጋዘኑ ነው። ኮንቴይነር ሊጨምር ፈልጓል፤ ኒሙ ሥር ያለው ቦታ ያስፈልገዋል። የቆራሌ ነጋዴዎች ደግሞ ብረቱን አይተውታል። «ይሄ ብረት ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እናንተ ገና ተዝካሩን ታወጡለታላችሁ» አለኝ። እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። በመጨረሻ ለመገላገል ይመስለኛል፣ «እሺ፣ ዝናቡ ሳይገባ አንዴ እንፋሎት አውጥቶ ካሳያችሁኝ ጥጉን ለእናንተ እተዋለሁ። ካልሆነ ግን ለቆራሌ ነው፤ ኋላ እንዳትጣዪኝ» አለ። ቃሉ ቃል ነው፤ ተስማማን።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለብረቱ አልነበረም የፈራሁት። ጋሼ ማንጋቴን ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ዘመድ አንድ ቤት ታጭቆ። አንድ ሽማግሌ ሰው ያለ ጉዳይ እሑድ እሑድ ባሏ የሞተባት ሐበሻ ጋ እየሄደ አይቀመጥም። ጉዳያችን ቦይለሩ ነው። ቦይለሩ ከሄደ እሳቸውም ይሄዳሉ፣ እሳቸው ከሄዱ እኔ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድም ሰው የለኝም። ይሄን ለሳቸው መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኳቸውም።

ስለዚህ ሥራውን አጧጧፍነው። የመጀመሪያው ነገር ምን እንደሆነ መነጋገርም አላስፈለገንም። እኔ የድሬዳዋ ነጂ ልጅ፣ እሳቸው የመርከብ እሳት አንዳጅ፤ ሁለታችንም ያደግነው በአንድ ትእዛዝ ነው፤ ቦይለር ይታጠባል። የእጅ ማስገቢያውን ክዳን ፈታን። ውስጡ ነጭና ቀይ ቅርፊት እንደ ቂጣ ተጋግሮበታል። ጋሼ በመሮ እየነካኩ ያላቅቁታል፣ እኔ እጄ ቀጭን ስለሆነ እስከ ትከሻዬ አስገብቼ አወጣዋለሁ። በሳፋ በሳፋ ደፋነው። ማዕዘኑ ቀረ ሲሉኝ እኔ ማዕዘኑን፣ ችንካሩ ሥር አለ ስላቸው እሳቸው ችንካሩን፣ እርስ በርስ እየተናቆርን አንዲት ነጥብ አልተውንም። በሽቦ ብሩሽ አሸነው፣ በውሃ አለቀለቅነው። ባትሪ ሲበራበት ውስጡ ጥርት ያለ ብረት ሆኖ ታየ። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ቀዳዳው ላይ ደፍተው አዩና «ካላስ፣ አለቀ፤ አሁን ተወለደ» አሉ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ኖራው ዓይኔ ገባ ብዬ ዋሸሁ።

እሳት ከመንደዱ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን ልንፈትሸው ነበር። የውሃ ቦቴ ጠርተን ባለመጋዘኑን ጋበዝነው፤ ፕላስቲክ ወንበር ይዞ መጣ። ውሃው እየገባ ግማሽ ደረሰ፣ አለፈ። እኔ በልቤ እመቤቴን እየለመንኩ ነው። ከዚያ የቦይለሩ ሆድ ላይ ላብ የመሰለ ነገር ታየ። በጨርቅ ጠረግኩት። እንደገና ወጣ። ከችንካሩ ሥር አንድ ቀጭን ክር የመሰለ ውሃ ፈሰሰ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ከበስተኋላ ደግሞ ሌላ። ጋሼ በአውራ ጣታቸው አንዱን ደፈኑ፣ በሌላው እጃቸው ሌላውን። እኔም ደረስኩላቸው፣ መዳፌን ለጠፍኩበት። ሁለታችን ቦይለሩን አቅፈን ቆመናል፣ ውሃው በክርናችን ይወርዳል፣ ባለመጋዘኑ ከወንበሩ ተነስቶ ያየናል።

መጀመሪያ እጃቸውን ያነሱት ጋሼ ናቸው። «ይዞት የነበረው ኖራው ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው። የገባኝ ያኔ ነው። በየቀኑ የሚሠራ ቦይለር ካልታጠበ ይሞታል። ያን ያህል ዘመን የተኛ ቦይለር ግን ብረቱ ውስጥ ውስጡን አልቆ፣ ቀዳዳውን ሁሉ የደፈነው ያ ቅርፊት ነበር። እኛ ጠርገን ያወጣነው እሱን ነው። ሌላ ሰው፣ ስለ ቦይለር ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን አይነካውም ነበር፤ ምናልባት ትንሽ እንፋሎት ያወጣ ነበር። ለፈረንጁ በስልክ ስነግረው፣ በሱ አገር ማኅበር ሆኖ አንድ ቦይለር አጥቦ ያልገደለ የለም፣ ከሁሉም በላይ የሚያጠቡት ደግሞ በጣም የሚወዱት ናቸው አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው፤ ስልኩን ዘጋሁበት።

ባለመጋዘኑ ክፉ ሰው አይደለም። «ማሌሽ፣ አይዟችሁ» አለን፣ የራሱን ውሃ አጠጣን፣ ሁለት ሳምንትም ቆየልን። ምን ዋጋ አለው፤ በያጅ አስጠርተን ስናሳየው ላሜራው ሙቀት ሲነካው ይበሳል አለ። ቆራሌዎቹ በጋዝ እየቆረጡ ሲጭኑት ሄጄ ቆሜ አየሁ። ጋሼ አልመጡም።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። የሚቀጥለው እሑድ ምሳ ዕቃውን አዘጋጅቼ የት እንደምሄድ ጠፋኝ። ምግብ ቤቴ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ከፈትኩት፤ አልበላ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። የቀጠለውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። ማንጋቴን ልሂድ ብዬ ስንቴ ተነሳሁ፤ ደርሼስ? ለልጃቸው ማን ነኝ ልበላት? ሠራተኞቹን በረባ ባልረባው ተቆጣሁ፤ አንዷ አለቀሰች።

ዝናቡ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት የምግብ ቤቴ ግቢ በር ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ሸሚዛቸው ታጥቦ ተተኩሷል፣ ጢማቸው ተላጭቷል፤ ንጹሕ ሆነው ሳያቸው የማላውቃቸው ሰው መሰሉኝ። «ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ምን በር ላይ ያቆምዎታል፤ ቁርስ ደርሷል» አልኩ።

አልገቡም። «ዘበኛሽ አገሩ ገባ ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ። «ለኔ ስጪኝ።»

«ምኑን?»

«ሥራውን።»

ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ጋሼ፣ እርስዎ እኔ በር ላይ ዱላ ይዘው ሊቀመጡ? እንዲሁ ይምጡ፣ እሑድ እሑድ እንደበፊቱ እንብላ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ የት ትሄዳለህ ስትለኝ ቦይለር እላት ነበር። አሁን ምን ልበላት? ሥራ የሌለው ሰው ሰው ቤት ገብቶ አይበላም፣ እህቴ። ለምኜ አላውቅም።» እጃቸውን አየሁት፤ በሩን ይዞታል። እሳቸውም ሊመጡ እየፈለጉ ነው፤ የመምጫ ምክንያት ነው የቸገራቸው። እሺ አልኩ። በውስጤ ደግሞ፣ አይ ተንኮሌ፣ ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር፤ አሁን በየቀኑ አገኛቸዋለሁ ብዬ ፈነደቅኩ።

ሥራ በጀመሩ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሳህን ሞልቼ፣ አንድ ወንበር በሌላ እጄ ጎትቼ በሩ ጋ ሄድኩ። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ይቀመጡ እንጂ» አልኩ። አልተቀመጡም። «መርከቡ ላይ አለቃው ሲወርድ እንቆም ነበር» አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ሥራ ሥራ ነው፣ ማዳም።» ሳህኑን አስቀምጬላቸው ወንበሩን ይዤ ተመለስኩ። ምሳቸውን እኔ ከሄድኩ በኋላ ብቻቸውን በሉ፣ ሳህኑን ራሳቸው አጥበው ለአስተናጋጆቹ ሰጡ።

ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ስለ ሱድ አነሳሁ፣ ስለ እንጨት ጣቢያዎቹ ጠየቅኩ፤ ባጭሩ ይመልሱልኛል፣ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ተበሳጭቼ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያው እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አዎ ማዳም» አሉ፣ በደግ ፊት። ላባርራቸውና ወዳጄ ይሁኑ? ካባረርኳቸው የሚመጡበት ምክንያት የለም። ካላባረርኳቸው ደግሞ ዘበኛዬ ናቸው። የሥራ ሰው እንደ ጋሼ አይቼ አላውቅም፤ በሩን ሳይከፍቱ የዘገዩበት ቀን የለም።

ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ከቅዳሴ ስመለስ፣ ገበያ ደርሼ ስገባ፣ ከሩቅ ሲያዩኝ በሩን ይዘው ይነሳሉ፤ እስካልፍ ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም ቶሎ እንዲቀመጡ ብዬ፣ ሰላምታዬን አሳጥሬ፣ ፈጠን ፈጠን እያልኩ አልፋቸዋለሁ።